የአገርነሽ ሆድ

የእኔ ሥራ ሰው ማስተኛት ነው። ማስተኛቱስ ምን ገዶኝ፣ ማንቃቱ ነው ጭንቁ። ስለዚህ ቢላ ከመነሣቱ በፊት የበሽተኛውን ምላስና ጥርስ፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን ራሴ ካላየሁ፣ እንኳን ዶክተር ሚኒስትርም ቢያዘኝ መርፌ አላነሣም። በዚህ የተነሣ ሆስፒታሉ ውስጥ “ፀሐይወርቅ ነገረኛዋ” ይሉኛል። ይበሉ።

አገርነሽ ከይፋግ የመጣችው በደርግ ጊዜ፣ ዘመቻው በበረታበት ዓመት ነው። ባሏ ግንባር ሄዶ ከሞተባት ቆይቷል። ሆዷ ግን የደረሰች ነፍሰ ጡር ሆድ ያህላል። ዶክተር ዓምደ ሚካኤል ዳብሶ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ነው አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሆዷን ባዶ አድርጋ እንድትመጣም ነገራት። እሱ ራሱ ሐሙስ ወደ ግንባር እንዲሄድ ትእዛዝ ደርሶታል፣ ተተኪም የለው። ያ ሳምንት ካለፈ አገርነሽን ኦፕራሲዮን የሚያደርጋት ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አይገኝም።

ሰኞ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ምላሷን አውጪ ብላት ደርቋል። የእጇን ምት ብይዝ ይሮጣል። ቀና አድርጌ ባስቀምጣት ዞረባትና ግድግዳውን ያዘች። የደም ግፊቷም ወርዷል።

“ምን ሆነሽ ነው? ቅዳሜ ደህና አልነበርሽም እንዴ?” አልኋት።

“አሁንም ደህና ነኝ እመይቴ። እንደታዘዝሁት ሆዴን ባዶ አድርጌ ነው የመጣሁ።”

“በምን?”

“በኮሶ ነዋ። ትላንት ማለዳ ጠጣሁ፣ ደግሞ ደገምሁ። እህል መተውማ ማንም ይተዋል፤ የነበረው መች ይወጣል? አሁን ተጠርጓል።” እንዲህ ስትል ኮራ ብላ ነው።

ሳቄም ንዴቴም አብረው መጡ። ሰውነቷ ውስጥ የነበረው ውሃ አልቋል። እንዲህ ሆና ካስተኛኋት ግፊቷ ወርዶ ወርዶ አትመለስም። ደግሞ ኮሶ ስትል ሌላ ነገር አሳሰበኝ፤ ፅንስ ለማስወረድ የጠጡ ሴቶች አይቻለሁ። ሥራዬ ነውና ጠየቅሁ።

“አገርነሽ፣ የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው? እርጉዝ አለመሆንሽን በደንብ ታውቂያለሽ?”

ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሐይቁ አዞረች።

“እርስዎም?” አለች። “የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ በስብሰባ መሐል አስነሥታ ‘የማን ነው?’ አለችኝ። የባሌ እናት ደጇን ዘጋችብኝ። ዛሬ ካልወጣልኝ ይሄን ተሸክሜ ይፋግ አልገባም። ጣና አለልኝ።”

አንጀቴን በላችው። ግን የእኔ አንጀት ቢበላ የእሷ ግፊት አይጨምር። ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ ዛሬ አላስተኛትም አልሁት።

“ሐሙስ እሄዳለሁ እኮ” አለኝ።

“ረቡዕ አለ።”

“ረቡዕ ቁስለኛ ቢመጣብንስ?”

“ቢመጣ እግዜር ያውቃል። ዛሬ ብትሞት ግን የገደልኋት እኔ ነኝ።”

ተቆጣ፣ ጓንቱን ወረወረ። ከዚያ ግሉኮሱን ራሱ ሊሰቅልላት ሄደ።

አገርነሽ ግን አኮረፈችኝ። ጨውና ስኳር በጥብጬ ሳቀርብላት ፊቷን አዙራ ትጠጣለች። እኔም ማክሰኞን ሙሉ ዐይኔ የአምቡላንሱ በር ላይ እንደተተከለ ዋልሁ፤ ቁስለኛ ከመጣ ተራዋ አለፈ። እግዜር ይመስገን አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት ምላሷ ረጥቧል፣ ምቷም ሰክኗል። አስተኛኋት። ከሆዷ የወጣው ዕጢ እንስራ ያህላል፤ ውሃው ሲፈስ ልባሱ ብቻ ቀረ። ስሟን ጠርቼ ሳነቃት እጇ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሆዷ ነው።

ስፌቷ የተፈታ ዕለት፣ አሁንስ ታርቀናል ብዬ ልሰናበታት ሄድሁ።

“እመይቴ፣ ዕጢዬን ይስጡኝ” አለችኝ።

“ኧረ ወዲያ! ምን ሊሆንሽ? ምን እንደነበረ ዶክተሩ ጽፎልሽ ሄዷል፣ ማኅተምም አለው።”

“ወረቀቱን ማን ያነብልኛል? ሙሉ ሆድ ይዤ ወጥቼ ባዶ ሆድ ይዤ ብገባ፣ ‘የት ጣለችው?’ ነው የሚሉ።”

ይሄን አላሰብሁትም ነበር። ምቷን ቆጥሬ፣ ግፊቷን ለክቼ፣ አደጋዋን ሁሉ የጨረስሁ መስሎኝ ነበር። ትልቁ አደጋ ለካ ይፋግ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ዕጢውን ዶክተሩ ለተማሪዎች ማሳያ ብሎ፣ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ደንቡ ለማንም አይሰጥም ይላል። ደንቡን ማን ጠየቀው? በዱቄት ወተት ጣሳ ገልብጬ ክዳኑን አጥብቄ ሰጠኋት።

ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ላይም ራሴ አሳፈርኋት። ጣሳውን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አቀፈችው። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት የገረጣ ፊቷንና ጥቅልሉን አዩና፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ” አሏት።

እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ደነገጥሁ። አገርነሽ ግን ነጠላውን ቀስ ብላ ፈታች።

“አልወለድሁም እናቴ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ይሄ ነው፤ ይዩት” አለችና ክዳኑን ከፈተች።

አሮጊቷ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ አማተቡና፣ “እውነትም ማርያም ማረችሽ” አሏት።

አውቶቡሱ ተነሣ።