አጃቢው ዕጩ

…አሁንም ጃንጥላ፣ ደግሞ ጃንጥላ፣ ኧረ ባካችሁ አንድ ዝሆን አንሱ እንጂ፣ ላቀው በቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጥቁር ሰሌዳውን ያያል፣ በዝሆኑ ሥር ያለው ጭረት አጭር ነው፣ በጃንጥላው ሥር ያለው ሁለተኛ መስመር ጀምሯል፣ ጃንጥላው ደግሞ እሱ ነው።

የሸንጎ ማሟያ ምርጫ። የቀድሞው ተመራጭ አንድ ማለዳ በላንድሮቨር ከተወሰዱ ወዲህ ስማቸውን የሚያነሳ የለም፣ የቀረው ወንበራቸው ነው፣ ወንበሩም ለጓድ በኃይሉ፣ ለዝሆኑ፣ እንደተቆረጠ ጎፋ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ ግን ለወጉ ሦስት ዕጩ ያስፈልጋል፣ ካድሬው ጓድ ምትኩ፣ ላቀው ቡታጋዝ ከሚጠግንበት ድረስ መጥቶ፣ አንተም ግባ ላቀው፣ ለማጀብ ነው፣ ማን ይመርጠኛል ብለህ፣ ብሎ ሳቀ፣ ላቀውም አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ፣ እምቢ ቢል ለምን ይሉታል፣ ለምን ካሉ ቤቱን ያዩታል።

ቤቱን። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ በየእሑዱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው እሱ ሳሎን መስኮት ዘግቶ በሹክሹክታ ይዘምራል። ዛሬ እሑድ ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የእጅ ሰዓት ሰረቅ አድርጎ ያያል፣ ዘጠኝ ተኩል።

ጥፋቱ የገዛ አፉ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቦኖ ውኃ ሰልፍ ላይ፣ እኔን አትምረጡ፣ አልመጥንም፣ የሚሻሉ አሉ፣ እያለ ለመነ፣ ሞኝ፣ ያገሩን ሰው የማያውቅ ሞኝ፣ ሹመት የሚሸሽ ጨዋ አገኘን ብለው ጭራሽ ወደዱት፣ ባለሱቋ ሙፊዳማ ለመጣ ለሄደው፣ በኃይሉ ምረጡኝ እያለ ደጃችንን ይደበድባል፣ እሱ ግን ያፍራል፣ ይሉኝታ ያለው ሰው እኮ ጠፋ፣ እኔ ለላቀው ነኝ ወላሂ፣ ትላለች፣ እህቴ ሙፊዳ የምሬን እኮ ነው፣ አላት፣ እሷም ሳቀች፣ እሱን ነው የወደድንልህ፣ ብላ።

አለቀ። ጭብጨባ፣ እልልታ። በኃይሉ አያጨበጭብም። ምትኩ እየሳቀ ይመጣል፣ ጥርሱ ይስቃል እንጂ ዓይኑ አይስቅም፣ እንኳን ደስ አለህ ጓድ ላቀው፣ ሰፊው ሕዝብ እንዲህ ሲወድህ እኛ ሳናውቅህ ኖርን፣ በል፣ ከሕዝቡ ጋር ሆ ብለን ቤትህ እናስገባሃለን፣ አሁን፣ አይ ጓድ፣ ሚስቴን አሟታል፣ አለ ላቀው፣ እሰይ፣ እንጠይቃታለና።

ትከሻ ላይ አወጡት። ፈራ፣ እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም፣ ጓሮ በኩል ወደ ወንዙ መውጫ አለ፣ ዘማሪዎቹ ሁለት ደቂቃ ቢያገኙ ይበቃቸዋል፣ ግን ማን ይንገራቸው፣ ምትኩ ከፊት ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር ያወርዳል፣ ላቀው አሥር ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ከንፈሩን ብቻ አላወሰ እንጂ መፈክር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፣ ስንቱ የእምነት ወንድሙ ይህችን አልልም ብሎ ታስሯል፣ ይኸው የቤቱ ቆርቆሮ ታየ፣ ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ ግራ እጁን አነሳ፣ አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት፣ ጮኸ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ ሕዝቡ በደስታ አበደ፣ ደግሞ ጮኸ፣ ገበያነሽ ስሚ፣ ባልሽ ነኝ፣ ሰምተው ከሸሹም የሚሰሙት ላቀው ሲክድ ነው፣ ይሁን፣ ብቻ ይስሙ፣ ወይም ሞት።

በሩ ተከፈተ። ገበያነሽ ብቻዋን ወጣች፣ እንደ ሰው እልል አለች፣ ወደ እሱ ግን ቀና አላለችም፣ ተመስገን፣ ብቻዋን ናት፣ ምትኩ አልፏት ገባ፣ ከዚያ ድምፁ ከውስጥ መጣ፣ ላቀው፣ ይሄ ሁሉ ወንበር ለማን ነው የተደረደረው፣ ለእናንተ ነው ጓድ፣ አለ ላቀው፣ አፉ ብቻውን፣ እንደማሸንፍ አውቀን፣ ስትመጡ ብለን፣ ገበያነሽ ይሄኔ ቀና ብላ አየችው፣ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ…