መራጩ በዲታ ወንበር ላይ

እና ይሄ ቡታ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከመቀስና ከሜትር በቀር ሌላ ነገር ጨብጦ የማያውቅ ጨርቅ ሻጭ፣ አሁን ጓንት አጠላለቅ ሊያስተምር ነው፣ ስሙት እንግዲህ፣ ኳሷ እንዲህ ስትመጣ በእንዲህ ዓይነት ነው የምትያዘው ይላል፣ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ለታንቪር ያሳየዋል፣ አንተ እኮ ሻይ እንኳ ደረትህ ላይ ሳታፈስ ጠጥተህ አታውቅም ልለው ነበር፣ ግን አፌ ዙሪያውን አረፋ ነው፣ ጢም ላጩ ዲታ ምላጩን በማፋጫ ቆዳው ላይ ያፋጫል፣ ጢሙን የሚላጭ ሰው ክብሩን የሚጠብቀው በዝምታ ነው። ዝም። ይቀባጥሩ።

ቴሌቪዥኑ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ነው፣ እኔ የማየው በመስታወቱ ውስጥ፣ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ቁጥሩም ተገልብጦ፣ እንዲያም ሆኖ ከሁለቱ የተሻለ አያለሁ፣ የክሪኬት ግማሽ ፍጻሜ ነው፣ እኛ መትተን ጨርሰናል፣ ስሪላንካዎች እኛን ለመድረስ ሠላሳ አንድ ሩጫ ቀርቷቸዋል፣ መላው ፋይሰላባድ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሏል፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ጨዋታውን አያዩም፣ የሚያዩት እርስ በርስ ነው፣ ጭቅጭቁ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነው፣ ከሦስቱ እንጨቶች ጀርባ ጓንት አጥልቆ ኳስ ለመያዝ የሚቆመው ሰርመድ መሆን ነበረበት ወይስ ኺዘር፣ ቡታ የሰርመድ ነው፣ ታንቪር የባንክ ጸሐፊው የኺዘር ነው፣ ለምን ቢሉት የኛ ልጅ ነዋ፣ የፋይሰላባድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ፣ ምክንያት ተብሎ ይሄ ይቀርባል፣ በውሃ ቢሆን ጎሹም የዚህን ውሃ ይጠጣል።

ወቅታዊ አቋሙን እይ ወንድሜ፣ ይላል ቡታ፣ ወቅታዊ አቋም፣ ከቴሌቪዥን የቀዳት ቃል፣ ያንተ ኺዘር መጀመሪያ ሰባት ሩጫ፣ ቀጥሎ ዜሮ፣ ዛሬ ደግሞ ሁለት፣ ይሄ ውጤት ነው ወይስ የስልክ ቁጥር? ታንቪር ይንጨረጨራል፣ አንተንማ ብንሰማ ኖሮ አሥራ አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዞ ይሰለፍልን ነበር፣ ሰርመድ ጎንበስ ካለ ለማቃናት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይሳሳቃሉ። ጅሎች። አንዱም ፀሐይ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ቆሞ አያውቅም፣ ጠንካራዋ ኳስ ጣት ስትሰብር የምታሰማውን ድምፅ አያውቅም፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት የወረዳው ቡድን ተጫዋቾች መራጭ ነበርኩ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ በኔ እጅ ስንቱ ገባ ስንቱ ወጣ፣ ዛሬ ደግሞ ጨርቅ ሻጭና የባንክ ጸሐፊ ቡድን ያዋቅራሉ፣ ዳር ቆሞ ሲያዩት ሁሉም ጀግና ነው።

ዲታ ቀኝ ጉንጬን ጀመረ፣ እጁ ሁሌም ቀላል ነው፣ ዝም ያለ ሰው፣ ስለ ክሪኬት አንድ ቃል ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም፣ ለዚህ ነው እዚህ የምመጣው፣ ከዚህች ከተማ ስለ ምርጫ የማይፈርድ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ኳሷ ስትወጣ መስታወቱ ውስጥ አየኋት፣ የመቺውን መምቻ ጠርዝ ነካች፣ ወደ ኺዘር ሄደች፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ ናት፣ ጓንቱ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ ሣሩ ላይ ወደቀች። ጣላት! ጣላት! ቡታ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይዘላል፣ ታንቪር ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወረው፣ ምን ዓይነት እጅ ነው፣ እንጨት ነው እንጂ እጅ ነው? ማነው ይሄን አህያ የመረጠው? ይላል፣ ልብ አድርጉ፣ ይሄን ያለው ታንቪር ነው፣ ከግማሽ ደቂቃ በፊት የኛ ልጅ ነበር፣ አሁን አህያ ሆነ፣ የጠጣው ውሃም የሌላ አገር ውሃ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ቡታ ወደኔ ዞረ። ማስተር ሳሂብ፣ እርስዎ ኺዘር ሲጀምር መራጭ አልነበሩም እንዴ? ይሄን ልጅ አላዩትም?

ዝም ማለት ነበረብኝ። አረፋ አፌ ላይ ነበር፣ ሰበብ ነበረኝ፣ ግን ሁለቱም ጠበቁኝ፣ በስንት ዓመቴ፣ ሰው የኔን ቃል ሲጠብቅ፣ አይቼዋለሁ አልኩ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መጥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ሳልመርጥ የመለስኩት፣ እጁ ደረቅ ነው ብዬ ጻፍኩበት። አቤት! ቡታ ጭኑን መታ፣ ሰማህ ታንቪር? ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት! ዓይን ማለት ይሄ ነው! ታንቪርም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ፣ እርስዎን ላሆር ወስደው ዋና መራጭ ቢያደርጉዎ ኖሮ ይሄ ውርደት አይደርስብንም ነበር አጎቴ፣ አለ። ደስ አለኝ። ጅል ሲያመሰግንህ ደስ ካለህ አንተ ምንድነህ? ግን ደስ አለኝ፣ አገጬን ቀና አደረግሁ።

የዲታ ምላጭ ቆመ። ጉንጬ መሀል ላይ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ፣ ትንሽ ቀስ ብሎ።

ደረቅ እጅ። እስኪ አሁን ማን ሰማኝ፣ ለራሴ እንኳ ልናገር፣ የዚያ ልጅ እጅ ቅቤ ነበር፣ የዚያን ጠዋት ጠጠር በበዛበት ሜዳ ላይ አንድም አልጣለም፣ እየነጠረች ወደ ፊቱ የምትወጣውን ሁሉ እንደ እንቁላል እየተቀበለ ሲያሳርፋት፣ አጠገቤ የነበረው መራጭ ይሄስ ገብቷል፣ ጻፈው አለኝ፣ ልጽፈው ነበር፣ ከዚያ የአንድ ባለሥልጣን ሾፌር መጣ፣ የታጠፈች ወረቀት፣ ስም ብቻ፣ የእህቱ ልጅ፣ ወፍራም፣ ጓንቱን ገና ከላስቲክ ያላወጣ፣ ቦታው ደግሞ አንድ፣ ምን ላድርግ፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ኺዘር ማታውኑ መጥቶ፣ ሳሂብ ምኔን ላስተካክል? አለኝ፣ ላብ ፊቱ ላይ ደርቆ ጨው ሆኗል፣ እጅህን አለስልስ አልኩት። ያን እጅ! ሌላ ወረዳ ሄዶ ሌሎች መረጡት፣ እኔ ግን ዛሬ ጣለ ብዬ አገጬን ቀና አደርጋለሁ።

አንድ ኳስ ሁሉም ይጥላል።

የመጨረሻዎቹ ስድስት ውርወራዎች ደረሱ፣ ስሪላንካዎች ስምንት ሩጫ ቀራቸው፣ ቡታ ይጸልያል፣ ታንቪር አሁን ደግሞ ስለ ሰርመድ ነው፣ ሰርመድ ቢሆን ኖሮ፣ ሰርመድ ቢኖር፣ ጠዋት ሽማግሌ ያለውን፣ ወርዋሪው ሮጦ መጣ፣ እጁን አነሳ፣ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቃ ቃ ብሎ ቆመ። መስታወቱ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ግማሽ ነጭ፣ ግማሽ ራቁት ፊት። ቡታ የመብራት ኃይሉን ሰው ሁሉ እናት ጠርቶ ተራገመ፣ ሻይ ቤቱ ጄኔሬተር አለ! አለ ታንቪር፣ እየተገፋፉ ወጡ፣ ጫማቸው ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ በሰፈሩ ያሉት የሽመና ማሽኖች እንኳ ቆመዋል፣ ቀንና ሌሊት የሚንኳኩት፣ እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ጆሮ ያማል።

አንተም ሂድ እንጂ ዲታ፣ አልኩት፣ እኔ እጠብቃለሁ።

ግዴለም፣ አለ። ምላጩን በፎጣ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ማስተር ሳሂብ።

እ።

ኺዘርን የመለሱበት ቀን፣ የኔም ልጅ ኢምዳድ እዚያ ነበር።

ኢምዳድ ኳስ ይጫወት ነበር እንዴ? ልጁን የማውቀው አሁን ባለው መልኩ ነው፣ አንዳንዴ ምሳ ሊበላ ይመጣል፣ ትከሻው ላይ የጥጥ ብናኝ፣ ሽመና ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ሰላም ይለኛል፣ ዓይኑን አያነሳም።

ግራኝ ወርዋሪ ነበር፣ ይላል ዲታ፣ ለኔ ልጄ ነውና ጎበዝ ይመስለኛል፣ እኔ ክሪኬት አላውቅም፣ ከሰዓት በኋላ ነበር ተራው የደረሰው፣ ማታ ቤት ገባ፣ ኳሱን ጣሪያ ላይ ወረወረው፣ አባ፣ አይተው ነው የጣሉኝ፣ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ኳስ ነክቶ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጢምዎን ስላጭ ልጠይቅዎ እያልኩ ተውኩት፣ ዛሬ የኺዘርን ሲያስታውሱ፣ እንዲህ ካስታወሱ፣ አልኩ፣ የኔን ልጅ ምን ጎደለው? እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቀየምም።

ፈልጌ አጣሁት። ጭንቅላቴን ገለበጥኩት፣ ግራኝ፣ ቀጭን፣ ምናልባት አረንጓዴ ሹራብ፣ የለም። ፍጥነት ጎደለው ልበለው? በአንዲት ቃል ይገላገላል፣ እኔም እገላገላለሁ፣ ወይ ጎበዝ ነበር፣ ዕድል ነው ልበለው፣ ደስ ይለዋል፣ ለነቡታ የምሰጠው ዓይነት ነገር፣ አፌ ላይ ሁለቱም ተዘጋጅተው ቀርበዋል፣ በሕይወቴ ስለ ተጫዋች ፍርድ አጥቼ አላውቅም።

ከውጭ ጩኸት ፈነዳ፣ ያዛት! ያዛት! ኺዘር ያዛት! መንገዱ ሁሉ ይጮኻል፣ የታንቪርን ድምፅ ለየሁት፣ የኛ ልጅ! የኛ ልጅ! ይላል፣ ዲታ ወደ በሩ እንኳ አልዞረም፣ ይጠብቀኛል፣ ምላጩ በእጁ ነው።

አላየሁትም፣ አልኩት።

ምን አሉኝ?

ልጅህን አላየሁትም፣ ዲታ። ዝርዝሩ ከቀትር በፊት አልቆ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ለሜዳው ጀርባ ሰጥተን ሩዝ እንበላ ነበር፣ ልጆቹ እስኪመሽ ወረወሩ፣ ማንም አላያቸውም። ምን እንደጎደለው አላውቅም። ይጉደለው አይጉደለው አላውቅም።

ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ይበለኝ፣ ይቁረጠኝ፣ ይስደበኝ፣ የፈለገውን ያድርግ። ምላጩ የእንጨት መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ በቀስታ፣ ጨዋ ሰው፣ እርምጃው ወደ በሩ ሄደ፣ ልወጣ እችላለሁ፣ ፎጣውን ከአንገቴ ገፍፌ፣ በግማሽ ጢም፣ ማንም አያስተውለኝም፣ ሁሉም እየጨፈረ ነው፣ እግሬ ግን አልነሣም አለ።

ለልጁ ስልክ ደወለ፣ የፋብሪካው ማሽኖች ቆመዋል፣ ልጁ ዛሬ ይሰማዋል። ሃሎ ኢምዳድ፣ አለ ዲታ፣ ስማኝ ልጄ፣ አላዩህም ነበር፣ አዎ፣ አሁን፣ እሳቸው ራሳቸው፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ አላዩህም እኮ ልጄ፣ ማንም አላየህም፣

ጉንጬ ላይ አረፋው ይደርቃል፣ ቆዳዬን ይስበዋል፣ ያሳክከኛል፣ አልነካውም።