በስሜ የሄደው ናሙና

ሰገራ የሚለውን ቃል እንኳ ከአፌ ማውጣት ይቀፈኛል። ታክሲ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሲደርሰኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ እይዛለሁ። ባሌ ገሠሠ ግን ምንም አይቀፈውም፤ መሬት የወደቀ ሥጋ አንስቶ "ኡፍ" ብሎ ይጎርሳል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አሁንም ያንገሸግሸኛል።

ጨጓራዬን ባመመኝ ቁጥር በየክሊኒኩ ደሜን ቀድተው "የጨጓራ ባክቴሪያ አለ" ይሉኛል፤ እኔም ክኒኑን እቅማለሁ። ሦስት ዙር! ምራቄ ሁሉ ብረት ብረት እስኪለኝ ድረስ። በመጨረሻ ነፋስ ስልክ ወዳለችው የቤተሰብ ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ክብረት ሄድኩ።

"የደም ምርመራው ከዳኑ በኋላም 'አለ' ሊል ይችላል" አለችኝ። "የጨጓራውን ክኒን ሁለት ሳምንት ያቁሙና ሰገራዎን እንመርምር።" ባለክዳን ዕቃ ሰጠችኝ። በሁለት ጣቴ ይዤው ወጣሁ።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ስሜን ጽፌበት ሽንት ቤት ገባሁ፤ አቅለሸለሸኝና ባዶውን ይዤው ተመለስኩ። ገሠሠ ሳቀብኝ።

"አምጪው እኔ ልሙላልሽ። ከአንድ ትሪ እየበላን፣ እየተጎራረስን፣ የኔና ያንቺ ጨጓራ ምን ይለያያል?"

እውነቱን መሰለኝ፤ ደግሞም ገላገለኝ። ራሱ ሞልቶ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ራሱ አደረሰው። እኔ ዞሬም አላየሁት።

በማግስቱ ውጤት ልንቀበል አብረን ሄድን። እሱ ውጭ ቀረ፤ እኔ ገባሁ።

"ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ባክቴሪያው አለ" አለች ዶክተሯ። "እሱስ መድኃኒት አለው። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ ደም አለበት። ጨጓራዎ እየደማ ይመስለኛል። ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

መጀመሪያ የተሰማኝ መጸየፍ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

"የኔ አይደለም" አልኩ። "የባሌ ነው።" እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አስጠራችው። ገሠሠ ሱሪውን በአንድ እጁ ወደ ላይ እየሳበ ገባ። እንዲያ መክሳቱን ገና ያኔ አየሁ። ዶክተሯ ሰገራው መጥቆር ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ወር አልፎታል" አለ መሬት መሬት እያየ። "ለጉልበቴ የምውጠው ማስታገሻ ያመጣው ነው ብዬ..."

"አሁኑኑ ሆስፒታል ይሄዳሉ" አለችና ሪፈር መጻፍ ጀመረች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?" ጮኽኩበት። "ለምን አልነገርከኝም?"

ገሠሠ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም።

"ምሳ ላይ እንዳልነግርሽ ይቀፍሻል፤ ራት ላይ እንዳልነግርሽ ይቀፍሻል። መቼ ልንገርሽ ታዲያ፣ ሸዋዬ?"