የላፍቶ ምንጭ ናሙና

በ1988 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አኪኚ የምትባል የውሃ ምሕንድስና ተማሪ ለሁለት ወር የሥራ ልምምድ ከናይሮቢ አዲስ አበባ መጣች። ከዚያ በፊት ከአገሯ ወጥታ አታውቅም። የተመደበችው መካኒሳ ባለ አንድ የውሃ ምርመራ ቢሮ ሲሆን፣ ሥራዋ በላፍቶና በሀና ማርያም አካባቢ ሰው ከሚጠጣቸው ምንጮች ናሙና እየቀዳች መመርመር ነበር።

ሰኞ ኃላፊው አቶ በኃይሉ በፈገግታ ተቀበሏት። "የትብብር ደብዳቤ ይጻፍልሻል፤ ከዚያ ትወጫለሽ" አሏት በእንግሊዝኛ። ደብዳቤው በማግሥቱ ተጻፈ፤ ማኅተም ግን አልተመታበትም። ማኅተሙ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደዋል።

ረቡዕ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ሐሙስ አቶ በኃይሉ ስብሰባ ገቡ። አኪኚ ባዶ ጠርሙሶቿን ደርድራ የጽሕፈት መኪና ኳኳታ ስትሰማ ዋለች።

"ለአንድ ጠርሙስ ውሃ ማኅተም ምን ያደርጋል?" አለቻት የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ቤተልሄምን።

"ነገ ይመታልሻል።"

"ትናንትም ነገ ብለሽኛል።"

ዓርብ ጠዋት ማንንም ሳታማክር ጠርሙሶቿን በቦርሳ ይዛ በሚኒባስ ላፍቶ ወረደች። ጭቃው ጫማዋን እየነጠቃት ከእርሻ ግርጌ ያለውን ምንጭ አገኘችው። ሦስተኛውን ጠርሙስ ስትሞላ አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር መጥተው ከፊቷ ቆሙ። ሽማግሌው አቶ ሮበሌ ከአባታቸው በወረሱት ማሳ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሌንሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ስለነበር በእንግሊዝኛ አስተረጎመች።

"ውሃችንን የት ልትወስጂው ነው?"

"ልመረምረው ነው።"

"ወረቀትሽስ?"

"ገና ማኅተም አልተመታበትም።"

"አምና ሰዎች መጥተው አፈራችንን በላስቲክ ቋጥረው ወሰዱ" አሉ አቶ ሮበሌ። "ለምርመራ ነው አሉን። ከዚያ ችካል ተከሉ። ወንድሜ ዛሬ የሚያርሰው የለውም። አንቺን ክፉ ነሽ አላልኩም፣ ልጄ። ግን ድፊው።"

ደፋችው። በሚኒባሱ ውስጥ ሰው ፊት ላለማልቀስ ጥርሷን ነክሳ ተመለሰች። ለቤተልሄም ስትነግራት፣ "ማኅተሙ ለአቶ በኃይሉ መስሎሽ ነበር?" አለቻት። "ለእነሱ እኮ ነው።"

ማክሰኞ ማኅተሙ ተመታ፤ አኪኚና ቤተልሄም አብረው ላፍቶ ሄዱ። ሌንሳ ደብዳቤውን ለአባቷ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። "እንግዲያው ውሃውን ቅጂ" አሉ አቶ ሮበሌ። "ውጤቱን ግን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።" አኪኚ ቃል ገባች።

ሐሙስ ውጤቱ ወጣ፤ ምንጩ ተበክሏል። አኪኚ ወዲያው ልትሄድ ስትነሳ አቶ በኃይሉ ከለከሏት። ውጤት የሚሰጠው ቀበሌው በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው አሏት።

"ሰዎቹ ዛሬም እየጠጡት ነው" አለች።

"ሥርዓት አለው። ሳምንት ቢፈጅ ነው።"

ዓርብን በንዴት ዋለች። ቅዳሜ ብቻዋን ላፍቶ ሄዳ፣ ውሃው ሳይፈላ እንዳይጠጣ ለሌንሳ ነገረቻት። ሌንሳ ለአባቷ አስተረጎመችላቸው። የልጅ ልጃቸው ሆዷን ካመማት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

"ያን ጊዜ ያስደፋሁሽ ቢመረመር ቀድመን እናውቅ ነበር?"

"በአራት ቀን" አለች አኪኚ። ልትዋሽላቸው አስባ ነበር፤ አልቻለችም።

አቶ ሮበሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሌንሳን ለየጎረቤቱ እንድትነግር ላኳት።

ሰኞ አኪኚ ያደረገችውን ለአቶ በኃይሉ ራሷ ነገረቻቸው። ተቆጧት። ከእንግዲህ ያለ ቤተልሄም ወደ የትኛውም ምንጭ እንዳትሄድ አዘዟት። እሺ አለች፤ እሳቸው ግን አላመኗትም፣ እሷም እንዲያምኗት አልለመነችም። ገና ስድስት ሳምንት ይቀራታል።