አራተኛው እጥፍ

ሚስማር የሚለውን ስም ያወጡላት የጥረዛ ክፍሉ ሴቶች ናቸው። ሚስማር ወይ ይገባል ወይ ይጣመማል፤ ተመካክሮ የሚገባ ሚስማር የለም፤ እሷም እንደዚያው ናት ይላሉ። ክፉ ሴት ግን አልነበረችም። አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ አንዴ እሺ ካለችም እሺ ነው። መሃል የሚባል ነገር አታውቅም።

ሥራዋ መጽሐፍ መደርደር ነው። ማተሚያ ቤቱ በትልልቅ ወረቀት ያትማል፣ ማሽን ያጥፈዋል፤ ታጥፎ ባለ አሥራ ስድስት ገጽ ሲሆን «እጥፍ» ይሉታል። ሴቶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘው በተርታ ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ ፊት አንድ የእጥፍ ክምር አለ። የመጀመሪያዋ አንደኛውን እጥፍ ታስቀምጥና ወደ ጎን ትገፋለች፣ ቀጣይዋ የሷን ትደርብበታለች፣ እንዲህ እየተቀባበሉት ጫፍ ሲደርስ መጽሐፍ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ሙጫና ሽፋን፣ መጨረሻ ላይ መቁረጫው ነው። ሚስማር አራተኛዋ ናት። እዚያች ወንበር ላይ እርጉዝ ሆና ተቀምጣለች፤ ያረገዘቻት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም እሷ ያው እዚያው ናት።

በእጇ ያለፈው መጽሐፍ ቢሰበሰብ ቤት ይሞላል። ያነበበችው ግን የለም። ማንበብ ሳትወድ ቀርታ አይደለም። ልጅ ሳለች የታላቅ ወንድሟን ልብ ወለዶች ከፍራሹ ሥር እየመዘዘች ታነብ ነበር፤ ድስት ጥዳ እያነበበች ስታሳርር የቀመሰችው ኩርኩም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ታመሙና ትምህርቱ ቀረ። ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ ሥራ። ማንበብ ማለት የመብራት ቆጣሪና የመድኃኒት ብልቃጥ ሆኖ ቀረ። ማንም አልከለከላትም። ጊዜው ነው እንደ ሳሙና እየሟሟ ያለቀው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠርዙት የትምህርት ቤት መጽሐፍና የድርጅት ሪፖርት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ልብ ወለድ መጣ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መቁረጫው ማሽን ተበላሸና የተጠረዘው መጽሐፍ ማስቀመጫ እስኪታጣ ተከመረ።

«እስኪጠገን እጃችሁን ሰብስቡ» አሉ ጋሼ።

ጋሼ የጠረጴዛው ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። የክፍሉን ቁልፍ ለማን እንደሚያስረክቡ ሁሉም ያውቃል፤ ለሚስማር ነው። ሚስማርም ያንን ቁልፍ ስትመኘው ኖራለች። ባሏማ ገና ሳትሾም ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

እጅ መሰብሰብ ለሚስማር ሕመም ነው። ቀለሙ ፈሶ እንደሆነ ልይ ብላ ከፊቷ ካለው ክምር አንዱን እጥፍ አነሳች። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «አልወርድም» አለች ሴትዮዋ።

ከምን ነው የማትወርደው? ሚስማር ወደ ታች አነበበች። ሴትዮዋ ያለችው ጀልባ ላይ ነው። ቀዛፊው ወንዙን አሻግሯታል፤ ማዶ ደርሰዋል፤ እሷ ግን ንቅንቅ አልል ብላለች። ሰውየው ቢለምን፣ ቢቆጣ ወይ ፍንክች። ሥራ ነውና ሌላ ሰው ጭኖ ይመለሳል፣ እሷም አብራው ትመለሳለች፤ እዚያም አትወርድም። ወዲያና ወዲህ ማዶ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ እብድ ናት ይላል፣ አንዷ ሰርቃ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ዳቦ ትወረውርላታለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ዳር መጥቶ ቆመ። ሴትዮዋ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና

እዚያ ላይ እጥፉ አለቀ።

ሚስማር ገለበጠችው። የለም። የሚቀጥለው ያለው አምስተኛው እጥፍ ላይ ነው። አምስተኛዋ ደግሞ ሳቂታ ናት፤ ቀልዷን ሳትጨርስ ራሷ ቀድማ የምትስቀው።

«ሳቂታ፣ ካንቺ አንዱን አቀብይኝ እስቲ።»

«ለምን? የኔ ከወርቅ ነው የተሠራው?»

«ሴትዮዋ ምን እንደምትል ልየው።»

ሳቂታ ግራ ቀኙን ቃኘች። «የቷ ሴትዮ?»

«ጀልባው ላይ ያለችው።»

«ወይ ጉዴ! እናንተ፣ ሚስማር ዛገች!» አለች ሳቂታ፤ ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ አውካካ። «እንኪ፣ ከነልጅ ልጆቹ ውሰጂው!» ብላ አንዱን ብቻ ሳይሆን ክምሩን እንዳለ ገፋችላት። የሚስማርን ክምር ደግሞ ለክንዷ መደገፊያ ወደ ራሷ ሳበችው።

ሚስማር የላይኛውን እጥፍ አንስታለች። እያነበበች ነበር።

ማሽኑ ተጠግኖ ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ሥራው ገባ። የሚስማር እጅ ያለ ዓይን ሥራውን ያውቃል፤ ያነሳል፣ ይደርባል፣ ይገፋል። ዓይኗ ግን ጉልበቷ ላይ ከዘረጋችው እጥፍ አልተነሳም። ሳቂታ የአክስቷ ልጅ ከአማቷ ጋር እንዴት እንደተቧቀሰች እያወራች በበኩሏ ታነሳለች፣ ትደርባለች። ክምሮቹ ቦታ መለዋወጣቸውን ሁለቱም ረስተዋል።

በእጥፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለች። እጥፎቹ በሥርዓት ከተደረደሩ ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አንዱ ቦታውን ከሳተ ደረጃው ይሰበራል። ይህን ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምታስተምረው ራሷ ሚስማር ነበረች። ሙጫ ቀቢው ደረጃው መሰበሩን ያየው ግን ሰው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲዘጋጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ መጽሐፍ ሙጫና ሽፋን ጠጥቶ አልቋል። በነዚያ መጽሐፎች ውስጥ ሴትዮዋ መጀመሪያ ትወርዳለች፣ ቀጥሎ አልወርድም ትላለች።

በነጋታው ጋሼ ሚስማርን ወደ ጥጋቸው ጠሯት።

«ቁጭ በይ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ቆመሽም ተቀምጠሽም ያው ነሽ። ምን ነካሽ ልጄ?»

«አነብ ነበር።»

ጋሼ ሌላ መልስ ነበር የጠበቁት። «ሳቂታ በወሬ አዘናግታኝ ነው ብትይ እኮ ይበቃል» አሉ።

«ሳቂታ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች? ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ ስሚኝ። ለሥራ አስኪያጁ ምልክቷ ደብዝዛ ነው የታተመችው እለዋለሁ። ልሸኝ ነውና ይሉኝታ ይዞት አይከራከረኝም። ቁልፉም ያንቺ ይሆናል። ግን ቃል ትሰጪኛለሽ። ኃላፊ አያነብም። ጠዋት ከሰው ቀድመሽ ትከፍቻለሽ፣ ሲመሽ ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ትዘጊያለሽ። እሑድም ሥራ ከመጣ ትጠሪያለሽ። ምሳ የሚበላው ቆሞ ነው።»

«መቼ ነው ታዲያ የማነበው?»

«ጡረታ ስትወጪ።»

«እርስዎ አሁን ሊያነቡ ነው?»

ጋሼ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «በምን ዓይኔ? እኔ ነኝ ያለ መጽሐፍ ሁሉ በዚህ እጅ አልፏል። አንዱን ገልጬ ‹እስቲ ምን ይላል› ሳልል ይኸው ደረስኩ።» ምሬት አልነበረበትም አነጋገራቸው። ዝናብ ይመጣል አይመጣም እንደሚል ሰው ነበር የሚናገሩት።

ቁልፉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ሚስማር አየችው። አልፈልገውም ብትል ውሸት ነው፤ ወገቧ ላይ ሲንቃጨል በሐሳቧ ስንቴ ሰምታዋለች። ከዚያ ጋሼን አየቻቸው። ደህና ሰው ናቸው። ጠዋት የሚገቡበትን ሰዓት፣ ሲመሽ የሚወጡበትን፣ በመሃል የቆሙበትን አሰበች። ስታስበው መጽሐፍ የሚገለጥበት ክፍተት አጣችበት።

«ለሳቂታ ይስጧት» አለች።

«ለሳቂታ? ጠረጴዛውን ገበያ ታደርገዋለች!»

«ታድርገው። ደረጃ ማየት ታውቃለች፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«ነገ ይቆጭሻል።»

«ነገ ሲቆጨኝ ያዩኛል። ምልክቷም ደህና ሆና ነው የታተመችው ጋሼ፤ በሰው ሥራ አያላክኩ።»

ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ቁልፉ ሳቂታ ወገብ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሳቂታ የመጀመሪያውን ቀን አፍራ፣ ሁለተኛውን ቀን እየተኮፈሰች ዋለች። የተበላሹት መጽሐፎች ሊቦጫጨቁ ሲጫኑ ሚስማር አንዱን ለመነች። ጫኙ ይሄን ምን ታደርጊበታለሽ ቢላት፣ «የገጹን አዘላለል አውቀዋለሁ» አለችው።

ባሏ ጎማ ጠጋኝ ነው። የሰማው ከሷ አልነበረምና እጁን እንኳ ሳይታጠብ ጀመራት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዳንቺ ላለችው ነው!»

«ከብብቴ የወደቀ የለም» ብላ መጽሐፉን ከብብቷ አውጥታ አሳየችው።

«ትቀልጃለሽ። እኔ ለሰው ምን ልበል?»

«ቀድመህ ባታወራ ኖሮ ምንም አትልም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ቀጥታ ወጥ ቤት አትገባም። ሳሎን መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ ንባቡ እሺ አላላትም። አንድ መስመር ታነብና ሐሳቧ ልብስ ማጠቢያው ላይ፣ ጋዙ ላይ ይሄዳል፤ ተመልሳ ያንኑ መስመር ታነባለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ ያለችው ነገር እንደ ባዳ ሆነባት። መጽሐፉን ልትዘጋው ሁሉ ዳድቷት ነበር። ግን አንዴ አነባለሁ ብላለችና አልዘጋችውም። በሳምንቱ ገደማ ቀዛፊው በሴትዮዋ ላይ ያቀረበውን ክስ ስታነብ ከት ብላ ሳቀች። ባሏ ከጓዳ ብቅ አለ።

«ማን መጣ?»

«ማንም።»

«እሺ፣ ያ ግራጫ ካልሲዬ የት ነው?»

«የለሁም።»

«እንዴት የለሽም? እያየሁሽ!»

«እያየኸኝም የለሁም።»

ሰውየው ልጁን አየ። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ካልሲውን ራሱ ፈለገ፤ አንዱን አገኘ።

አንድ ቀን በዚሁ ሰዓት ጎረቤታቸው መጣች። ወሬው ደርሷት ነበር፤ ወሬ ሲደርሳት ሳታጣራ የምታድር ሴት አይደለችም። በሩን የከፈተችላት ልጅቷ ናት።

«እናትሽ አለች?»

ልጅቷ ዞር ብላ አየች። እናቷ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋለች፤ አንዱ ነጠላ ጫማዋ መሬት ላይ ተገልብጧል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እናቷ ድሮ ልጅ ሳለች እንዲህ ታነብ እንደነበር ልጅቷ አታውቅም፤ የምታየው አሁን ነው።

«የለችም» አለች።

ጎረቤቷ አንገቷን አሰገገች። «ያቺ ማን ናት ታዲያ?»

«እሷ ናት። ግን የለችም።»

«አሟታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት።»

ጎረቤቷ ባዶ እጇን ልትመለስ አልሆነላትም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ልጅቷ ጆሮ ተጠጋች። «እኔ ምልሽ፣ ያንን ቁልፍ ነጠቋት የሚባለው እውነት ነው?»

«አልተነጠቅሁም» አለች ሚስማር ከመስኮቱ ሥር፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ። «እምቢ ብዬ ነው።» ገጹን ገለጠች።

«የለችም አላልሽኝም?» አለች ጎረቤቷ።

«ለእንዲህ ላለው ብቅ ትላለች» አለች ልጅቷ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ገርበብ አደረገችው።