የዳኛቸው አፍ የተፈታ ዕለት

በጃንሆይ ዘመን ስማዳ ውስጥ ዳኛቸው የሚባል ገበሬ ነበር፤ ስሙ ዳኛቸው ይሁን እንጂ ዳኛ ፊት ሲቆም አፉ ይተሳሰራል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ሲኖር፣ ጎረቤቱ ላቀው በገብስ ማሳው ከሰሰው። «ያንተ አጥንት ከዚህ ርስት አይደርስም» አለው።

ርስት የሚጸናው ከራሱ ጀምሮ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባት ድረስ ትውልዱን በሸንጎ ለቆጠረ ነው። ዳኛቸው ቤቱ ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንበዋል። ሸንጎው በሚቀመጥበት ወይራ ሥር ቆሞ የዳኛውን ካባ ሲያይ ግን ከአያቱ ማለፍ አቃተው። ሰው ሳቀበት።

«ሰኞ ካልቆጠርክ መሬቱ የላቀው ነው» አሉት ዳኛው።

ሚስቱ ጽጌ ስታለቅስ አደረች፤ ከዚያ ማሳ በቀር የሚላስ የሚቀመስ የላቸውም። ሲነጋ ግን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዳኛውን ምን ያሳይሃል? ሰዉን እያየህ ተናገር። የተቀመጠው ሁሉ ዘመድህ አይደል?» አለችው።

ሰኞ ዕለት ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ጀመረ። ዓይኑ አንዳርጌ ላይ ሲያርፍ፣ «አንዳርጌ፣ ያንተ አያትና የኔ አያት የአንድ እናት ልጆች አይደሉም?» አለው።

«ናቸው እንጂ!»

ልቡ መለስ አለ። «እሜቴ አበራሽ፣ እርስዎስ በቅድመ አያቴ በፈንታ በኩል ዘመዴ አይደሉም? ንጉሴስ?» የተጠራው ሁሉ «እውነት ነው!» እያለ ተነሣ። ዳኛቸው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ከሰው ወደ ሰው እየተሻገረ አቅኚው ወልደማርያም ዘንድ ደረሰ። ላቀው አንገቱን ደፋ፤ ዳኛውም «አጥንቱ ደርሷል» ብለው ፈረዱ።

አንዳርጌ ግን አልተቀመጠም። «ጌታዬ፣ የኔም አጥንት እኮ ከዚያው አቅኚ አብሮ ተቆጠረ፤ ርስት ደግሞ የዘሩ ሁሉ ነው። እስከ ዛሬ ማን ይመሰክርልኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ድርሻዬ ይሰጠኝ» አለ። እሜቴ አበራሽም ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። ንጉሴም ተከተለ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዳኛቸው ምን ብሎ ይከራከር? ምስክሩ ራሱ ነው።

ያንኑ ቀን ማሳውን ለሁሉም ለማካፈል የመለኪያ ገመድ ተጣለ። ለዳኛቸው የደረሰው ጥንድ በሬ የማይዞርበት ጠርዝ ነው። ምነው አፌ ተለጉሞ በቀረ እያለ፣ እንባውን እየዋጠ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጽጌ ከሩቅ አይታው እየሮጠች መጣች። «ተናገርክ? አልፈራህም?»

«አልፈራሁም።»

እልልታዋን አቀለጠችው። ዳኛቸው ዝም በይ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም።