የጽጌ ስለት

ልጄ የተወለደችው በነሐሴ ማርያም ዕለት ነው። ምጡ ጸንቶብኝ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ሲማጸኑ እኔም በልቤ ተሳልሁ። «እመቤቴ፣ ይህን ልጅ በደህና ብታወጪልኝ የመጪውን ጽጌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሻለሁ። ቅቤም ወተትም አልቀምስም» አልሁ። ብዙም አልቆየች፤ ወጣች። እልልታው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስለቱንም ረሳሁት።

ትዝ ያለኝ መስቀል አልፎ ጽጌ ሊገባ ሲል ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን እያሰበ የወደደ ሰው ይጾመዋል። አራስ ደግሞ እንኳን የፈቃዱን የሕጉንም ጾም አትጾምም። ይህን አላጣሁትም። ስለት ግን ሌላ ነው። ስለቱን ያስቀረ ሰው የሚደርስበትን ኮላ ድባ ሳለሁ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት።

እኔ ደግሞ የያዝሁትን የማልለቅ ሰው ነኝ። ከመውለዴ በፊት ማታ ማታ ለጎልማሶች ፊደል የሚያስተምሩበት ቤት እሄድ ነበር። መምህሩ አንድ መስመር ጻፉ ሲሉን እኔ ሦስት እጽፋለሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይተርፋሉ ብዬ።

ለማንም አልነገርሁም። የሚነገር ቢሆን ለንስሐ አባቴ ነበር፤ ነገር ግን ቄስ ወልደኢየሱስ የልደታ ቀዳሽ ናቸውና ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሣ አራስ ቤት አይገቡም፤ እኔም ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ስለዚህ ዝም ብዬ ጾሙን ያዝሁ።

አማቴ እማማ ትርንጎ ሊያርሱኝ ከድብ ባሕር መጥተዋል። ጠዋት ጠዋት መካከሉ ቅቤ ያቆረ ገንፎ ያቀርቡልኛል። እሳቸው እንስራቸውን አዝለው ውኃ ሲወርዱ ባሌን በላቸውን እጠራዋለሁ። አውቶ ፓርኮ በሚባለው ሰፈር ማኪና ይጠግናል፤ ሥራ የሚሄደው ረፈድ ሲል ነው።

«ጠግቤያለሁ፤ አንተ ጨርሰው።»

«ምነው ታየች፣ አልነካሽውም እኮ።»

«ማታ ብዙ በልቻለሁ።»

በላቸው ሰው ጠገብሁ ሲለው ያምናል፤ ቅቤ ካለበትማ ወዲያው ያምናል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጠዋት የተረፈ እንጀራ በድልህ እየጠቀስሁ በስውር እበላለሁ።

ሰንበት ሁለቴ እንኳ ሳያልፍ ጡቴ ላላ። ልጅቱ ትይዘዋለች፣ ትስባለች፣ ትለቅቀዋለች፣ ታለቅሳለች። ቆይታ ማልቀሱንም ተወችው። የዚያን ጊዜ ነው የፈራሁ። የክንዷ ቆዳ እንደ አሮጊት ተሸበሸበ። እማማ የላም ወተት በጥጥ እየነከሩ ቢያቀምሷት ተፋችው።

«ዓይን ነው» አሉ፤ ሰው እንዳያያት መጋረጃውን በእጥፍ አደረጉት።

ዓይን እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ስለቱን ባፈርሰው እመቤቴ የሰጠችኝን ትወስድብኛለች። ባላፈርሰው ደግሞ ልጄ እቅፌ ውስጥ እያለቀች ነው። ሳቅፋት ቀድሞ የነበራት ክብደት አልነበረም።

አንድ ጠዋት እማማ የእንስራውን መክደኛ ረስተው ተመለሱ። በላቸው ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ ገንፎውን ይጠቀልላል።

«አንተ በላቸው!»

ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

«ያማጥኸው አንተ ነህ እንዴ? አራሷ ምነው ከሳች ብዬ ዓይን ስፈራ፣ ለካ አራሱ አንተ ኖረሃል! ጉንጭህ እንደ ፍሪዳ ሰብቷል!»

«እሷ ናት ብላ ያለችኝ፣ እማዬ።»

«ብላ ብትልህ እምቢ ማለት አታውቅም?»

«ቅቤ ነበረበት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወደ እኔ ዞሩ። ማልቀስ ጀመርሁ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይሳደባሉ ብዬ ነበር። አልተሳደቡም፤ መደቡ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ይህንስ እኔ አልፈታውም» አሉ። «በላቸው፣ ሂድ ቄሱን ጥራ። ባይገቡ በአጥሩ በኩል ያነጋግሯታል።»

ቄስ ወልደኢየሱስ ጥላቸውን ይዘው መጡና ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። እኔ ከበሩ መጋረጃ ኋላ ሆንሁ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል።

«እንደምን ነሽ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ። ስለት ተስዬ ነው።»

«እህ?»

«ስለት! ጽጌን እስከ ዘጠኝ ሰዓት!»

ጎረቤታችን እንኳየሁ ጓሮዋ በርበሬ ስትወቅጥ ነበር። የሙቀጫው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ጽጌን ተስላ ነው፣ አባ!» አለች በአጥሩ ላይ። «ጡቷም ደርቋል!»

ያን ያህል ቀን የደበቅሁት ሁሉ አሁን ሰፈር ውስጥ ነው። ቄሱ ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ።

«ጽጌ የምን መታሰቢያ ነው፣ ልጄ?»

«የእመቤታችን ስደት።»

«ስትሰደድ ማንን ይዛ ነበር?»

«ልጇን።»

«ልጇን በመንገድ ምን እያበላች ወሰደችው?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጡት» አልሁ።

«አልሰማሁሽም።»

«ጡት ነው የምትል፣ አባ!» አለች እንኳየሁ።

«ታዲያ በበረሃ እያጠባች ለሄደች እናት፣ ያንቺን ልጅ ጡት አስጥለሽ ነው እጅ መንሻ የምትሰጫት?»

«አባቴ፣ ስለት ነው እኮ! ባስቀረው ብትወስድብኝስ?»

«ማን ይቀራል አለሽ?» አሉ፤ በላቸው የገንፎውን ነገር በመንገድ ነግሯቸው ኖሯል። «ገንፎዋን ሲበላ የከረመ ማነው?»

በላቸው ጫማውን አየ። «እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ገንፎዋን የበላ ጾሟን ይጾማል። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናችሁ። እስከ ቁስቋም ድረስ አንተ ያዝላት።»

«አባ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ማኪና ሥር ተኝቼ ነው የምውል።»

«ተኝተህ ከዋልህማ አይከብድህም» አሉ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «አንቺ አሁኑኑ ቅቤ ቅመሽ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እማማ ገንፎውን አመጡ። ቅቤውን በጣቴ ጠቅሼ ወደ አፌ አደረስሁ። ዋጥሁና ልጄን አየኋት። ምንም አልሆነችም። አዛጋች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ከአጠገቤ አይነሡም። አጥሚት፣ ገንፎ፣ እንደገና አጥሚት። ከሰንበት በፊት አንድ ጠዋት ስነቃ ቀሚሴ ርሷል። ልጅቱን አስጠጋኋት። አንዴ ስባ ቆመች፣ እንደገረማት ሁሉ። ከዚያ በጥድፊያ ስትጠባ ወተቱ በዝቶ ትን አላት፤ ጡቱን ለቅቃ ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

«ጮኸች!» አለች እንኳየሁ ከአጥሩ ማዶ። «ኧረ ሸጋ ጩኸት!»

እኔ በሳቅና በልቅሶ መካከል ሆኜ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

በላቸው ጾሙን ጾመው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዘይት እንደነካው ከአውቶ ፓርኮ እየሮጠ ይመጣል። እማማ ሽሮውን እያቀረቡ፣ «እንግዲህ አራሱ መጣ» ይሉታል።

ልጄ በቁስቋም ዕለት ክርስትና ተነሣች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማማ ገንፎውን በላቸው ፊት አስቀመጡት። ቅቤው እስከ አፉ ሞልቷል።

«ብላ፤ ዛሬስ ተፈታ» አሉት።

በላቸው እጁን ሰደደና መለሰው። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ምነው፣ ጠገብህ?» አልሁት።

«አልጠገብሁም» አለኝ። «መጀመሪያ አንቺ ስትውጪ ልይ።»